የልማት ገንዘብ ጎጃም ገብቶ ምን አተረፈ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ ወረዳ ለወረዳ እየዞሩ የልማት ፕሮጀክት መመዘን ነው። ቡና ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሰው ሥራዬን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። እናም መልሱን አንድ ቦታ ልሰብስበው አልኩ። የወረዳ ባለሙያ ለሆናችሁ፣ ቀበሌ ምክር ቤት ለምትቀመጡ፣ ለተማሪዎች፣ ዝም ብላችሁ «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» ለምትሉም ጭምር ነው።

ግምገማ ስትል ያ የምናውቀው ስብሰባ ነው?

አይደለም። ግን ቢያምታታ አይገርምም። እኛ ጋ «ግምገማ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው አዳራሽ ነው፤ አመራሩ ተደርድሮ፣ አንዱ ሌላውን ሲሄስ፣ «ውስንነት ነበረብኝ» ሲባባል የሚዋልበት። ያ የሰው ግምገማ ነው። እኔ የማወራው ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ ምዘና ነው። ይህን ያህል ብር ወጣ፤ በዚህ ብር የማን ኑሮ በምን ተለወጠ? ለውጡስ ይቆያል ወይ?

ከኦዲትም ይለያል። የሂሳብ ኦዲተር ደረሰኝ ያያል። ጨረታው በደንቡ ወጥቶ፣ ብሩ ለተባለው ሥራ ውሎ ከሆነ እሱ ጨረሰ። አንድ ጤና ኬላ ደረሰኙ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ በሩ ግን ተቆልፎ ደጃፉ ላይ ሣር በቅሎበት ሊገኝ ይችላል። የእኔ ሥራ እዚያ ሣር ላይ ይጀምራል። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው፣ ሥራው ውጤት ማምጣቱን የሚያየው፣ ትንሽ ይቀርበናል፤ እሱም ቢሆን ወረዳ ድረስ ወርዶ የማየት ዕድሉ ብዙ አይደለም።

ገንዘቡ ሁሉ የመንግሥት በጀት አይደለም እንዴ?

ብዙ ምንጭ አለው። ትልቁ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ጥቅል ድጎማ ነው። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሥልጣኑም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ላይ ተቀምጧል። ክልሉ ደግሞ የደረሰውን በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል። አማራ ክልል ውስጥ ወረዳዎች በጥቅል በጀት ማስተዳደር የጀመሩት በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሌላ ለተለየ ዓላማ ብቻ የሚላክ ገንዘብ አለ። ከዓለም ባንክና ከአፍሪካ ልማት ባንክ የሚመጣ ብድርና እርዳታ አለ። የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከአባላቱ የሚሰበስበው መዋጮም አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የወረዳው ጥቅል በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው የሚከፈላቸው ከዚያ ነው። ለጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሰው ይህን ስለማያውቅ «ለምን አላስጠገናችሁም?» ብሎ ወረዳው ላይ ይቆጣል። ቁጣው እውነት አለው፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ፕሮጀክቱ ሲነደፍ የጥገናው ብር ከየት እንደሚመጣ ሳይጽፍ ያለፈው ሰው ይመስለኛል።

ሌላው የሚረሳ ወጪ የገበሬው ጉልበት ነው። በበጋው የተፋሰስ ዘመቻ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ያለ ክፍያ ይወጣል። ሪፖርት ላይ «የሰው ቀን» ተብሎ በኩራት ይጻፋል፤ ወጪ ሲሰላ ግን አይታሰብም። ገበያ ሊውልበት፣ ድርቆሹን ሊያገባበት፣ ቤቱን ሊሠራበት የነበረ ቀን ነው እኮ። እኔ ሁሌም እቆጥረዋለሁ።

«ዘላቂ» ማለት ምንድን ነው? ሁሉም ፕሮጀክት ላይ ተለጥፎ አየዋለሁ

የተባበሩት መንግሥታት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች እ.ኤ.አ. በ2015 ጸድቀው እስከ 2030 ይቆያሉ። ሥራ ላይ ስንሆን ግን 17ቱን ግብ ይዞ አንድ ቀበሌ መግባት አይመችም። እኔን የሚረዳኝ ቀለል ያለው መንገድ ነው፦ አራት ሀብት አስብ። የተፈጥሮ ሀብት (አፈር፣ ውሃ፣ ደን)። የተሠራ ሀብት (መንገድ፣ ቦይ፣ ትምህርት ቤት)። የሰው አቅም (ጤና፣ ዕውቀት)። አራተኛው ሰው ከሰው ጋር ያለው መተማመን ነው፤ ዕድር፣ ደቦ፣ የውሃ ኮሚቴ እዚህ ይገባሉ። ከዚያ ጠይቅ፦ ይህ ብር የትኛውን አሳደገ? የትኛውንስ በላ?

ጥማድ በሬውን ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ገበሬ አስቡ። ከመንገድ ላይ ሆኖ ላየው ሰው አልፎለታል። ሰኔ ሲመጣ ግን በምን ያርሳል? ብዙ ፕሮጀክት እንደዚህ ነው። መንገድ ይከፈትና የመንገዱ ጎርፍ ማፋሰሻ ቀጥታ የሰው ማሳ ላይ ይለቀቃል። መንገዱ «ተሠራ» ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ በሁለት ክረምት ቦረቦር የሆነውን ማሳ ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም።

የምትመዝነው በምን በምን ነው?

በዓለም ላይ የተለመዱ ስድስት መለኪያዎች አሉ። ተገቢነት፣ ከሌላው ሥራ ጋር መጣጣም፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ያመጣው ለውጥና ዘላቂነት። አምስቱ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲሠራባቸው የቆዩ ናቸው፤ መጣጣም የሚለው በ2019 ተጨመረ። እኔ ጊዜ አጥሮኝ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ዘላቂነትን እመርጣለሁ። ሌሎቹን አምስቱንም አልፎ ሦስት ዓመት ሳይቆይ የፈረሰ ሥራ አይቻለሁ።

ሪፖርቱ አፈጻጸሙ 98 በመቶ ነው ይላል። ታዲያ ምን ቀረ?

98 በመቶ የምን? ሁሌም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የበጀቱ ነው። ከተያዘው ብር 98 በመቶው ወጥቷል ማለት ነው። ብር መውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ስኬት አይደለም።

ችግኝን ውሰዱ። ሐምሌ ላይ የተተከለው ይቆጠራል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ቁጥሩ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል። እኔ ማየት የምፈልገው ሚያዝያ ላይ ነው። በጋውን አልፎ፣ ከከብት ተርፎ፣ የጸደቀው ስንት ነው? ቋንቋችን እንኳን ተተከለና ጸደቀ ብሎ ለያይቶታል፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ብቻ ነው ቦታ ያለው።

የሰኔ ሩጫም አለ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተጠቀሙበት ብር ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግዢው ይጧጧፋል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሰኔ ማለት ዝናቡ የገባበት፣ ገበሬው እርሻ ላይ ያለበት፣ መኪና ጭቃ ውስጥ የሚቀረቀርበት ወር ነው። ሲሚንቶ ለማቡካት ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ጊዜ ላይ ነው ሲሚንቶ የሚቦካው። ይሄ የማንም ሰው ክፋት አይደለም፤ ካላንደሩ ነው። ብሩ ጥቅምት ላይ እጅ ቢገባ ኖሮ ግማሹ ጥፋት አይኖርም ነበር፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መቼ ነው መመዘን ያለበት?

ሪባን በተቆረጠ ሳምንት አይደለም። ግንባታ ላይ ጊዜያዊ ርክክብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ የመጨረሻ ርክክብ ይደረግና የኮንትራክተሩ መያዣ ገንዘብ ይለቀቃል። ስለዚህ ውሉ ሥራውን የሚፈትነው በአንድ ክረምት ነው። ለእኔ አንድ ክረምት ምንም አይደለም። አምስት ክረምት ስጡኝ።

ለምን እንደምል ላስረዳ። ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ የሚባል ተፋሰስ አለ። ስፋቱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። በስዊዘርላንድ ድጋፍ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. ተከፍቶበት ዝናቡን፣ የወንዙን ውሃና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ኖሯል። እዚያ የተሠራው እርከን ፋኛ ጁ ይባላል፤ ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ መወርወር ነው። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ለሁለት ተከፈለ። የሚታጠበው አፈር ቀነሰ፤ ምርቱ ግን ወዲያው አላደገም። እንዲያውም እርከኑ ከማሳው ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያስቸግራል። በሁለተኛው ዓመት የመዘነ ሰው «ከሽፏል» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በእርከኑ መካከል ያለው ቁልቁለት እየሞላ እየተስተካከለ፣ ማሳው እንደ ደረጃ ሜዳ ሜዳ ወደመሆን ሄደ። ይህን ማንም ሰው እዚያ ሄዶ በዓይኑ ማየት ይችላል። እንድናውቀው ያደረገን ግን በትዕግሥት ለዓመታት የተያዘው መዝገብ ነው። ጎጃም ውስጥ እንደዚህ ያለ መዝገብ የተያዘለት ፕሮጀክት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቢያንስ የሥራው ዋዜማ ምን ይመስል እንደነበር እንኳን የሚጽፍ የለም።

ለውጡ በዚያ ገንዘብ መምጣቱን በምን ታውቃለህ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። «በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» ብቻውን አይበቃም። መነሻህ 2008 ዓ.ም. ከሆነ የኤልኒኖው ድርቅ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ባይሠራ እንኳን በቀጣዩ ዓመት ምርት ያደገ ይመስላል። ብሩም ራሱ ተለውጧል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ስለዚህ የዛሬ አሥር ዓመት ወጪና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በጀቱ እጥፍ ሆኗል» ማለት አያዋጣም። በስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይመነዘራል ብላችሁ አስሉት።

እኔ የማደርገው ሁለት ነገር ነው። ፕሮጀክቱ ያልደረሰበት፣ መሬቱና ገበያው ተመሳሳይ የሆነ ጎረቤት ቀበሌ እፈልጋለሁ። እዚያም ያው ለውጥ ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዎቹን ስለ ፕሮጀክቱ ሳላነሳ «ባለፉት አምስት ዓመታት ምን ተለወጠ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፕሮጀክቱን ራሳቸው ካነሱት አንድ ነገር አለ። ካላነሱት ደግሞ ዝምታውም መልስ ነው።

ቆጋ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?

ባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ሜጫ ውስጥ፣ መራዊ አጠገብ ያለ የመስኖ ግድብ ነው። ገንዘቡ በዋናነት ከአፍሪካ ልማት ባንክ የመጣ ነው። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፣ እንዲያለማ የታሰበው ደግሞ 7,000 ሄክታር ገደማ ነው። ድሮ ክረምትን ብቻ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ዛሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል። አቮካዶም ገብቷል። የተሠራው ሀብትና የሰው ገቢ አድጓል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ግን ሚዛኑ ሌላ ጎንም አለው። ውሃው የተኛበት መሬት የሰው እርሻና ግጦሽ ነበር፤ ተነሺዎች አሉ። እነሱ ዛሬ እንዴት ናቸው? በቦይ ውሃ ላይ ከላይ ያለውና ከጫፍ ያለው እኩል አይደርሳቸውም፤ ከጫፍ ያለው ገበሬ ሌሊት ተነስቶ ውሃ ሲጠብቅ ያድራል። ሁሉም በአንድ ወር ድንችና ሽንኩርት ሲያወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ማከማቻ ከሌለ ትርፉን ደላላው ነው የሚወስደው። ከላይ ያለው ተፋሰስ ካልተጠበቀ ደግሞ አፈሩ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይተኛል።

ስለዚህ «ተሳክቷል» ብዬ በአንድ ቃል አልመልስም። ለጊዜው የእኔ ሚዛን ወደ ጥቅሙ ያደላል። ግን የውሃ ተጠቃሚ ማኅበራቱ ቦዩን በራሳቸው መዋጮ የሚያስጠርጉበት ቀን ድረስ ፍርዱን ክፍት አድርጌ ነው የማቆየው።

ለምንድን ነው አንዱ የእጅ ፓምፕ በዓመቱ የሚቆመው፣ ሌላው ለዓመታት የሚሰጠው?

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ፓምፕ አየሁ፤ በመካከላቸው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው እጀታው በጠፍር ታስሯል። አጥሩ ወድቋል። ከብት ገብቶ ዙሪያውን አጨቅይቶታል። ሴቶቹ አልፈውት ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ማን ሠራው ብል «ሰዎች መጥተው ሠሩት» አሉኝ። ማን ያስጠግነዋል ብል «የሠሩት»።

ሁለተኛው ጋ ስደርስ አጥሩ በቁልፍ ተዘግቷል። ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ እናት ተነሱ። የውሃው ገንዘብ ያዥ እሳቸው ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮውን ፈተው ቁልፉን አወጡ። ከዚያ ደብተሩን አሳዩኝ፤ በጋዜጣ የተሸፈነ የተማሪ ደብተር ነው፤ የአባወራው ስም በግራ፣ ወራቱ በቀኝ፣ የከፈለ ራይት፣ ያልከፈለ ባዶ። ቀጥለው ከትንሽ የጨርቅ ከረጢት አንዲት ጥቁር ጎማ አወጡ። «ይቺ ስታልቅ ነው ውሃው የሚጠፋው፣ ልጄ። ሁለት ገዝተን አንዷን አስቀምጠናል» አሉኝ። ያቺን ጎማ መቼም አልረሳትም።

ሁለቱ ፓምፖች አንድ ዓይነት ናቸው። የተለያየው ብሩ የሄደበት መንገድ ነው። ሁለተኛው የተሠራው ማኅበረሰቡ ራሱ በሚያስተዳድረው አሠራር ነው። ይህ አሠራር በክልላችን ከፊንላንድ መንግሥት ጋር በተሠራ የገጠር ውሃ ፕሮግራም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረ ነው። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ) በኩል ቀጥታ ለውሃ ኮሚቴው ይገባል። ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሂሳቡን ለሕዝቡ ያሳያል። ለጥገና የሚሆን ብርም ቀድመው ይቆጥባሉ። በገዛ እጁ የገዛውን ዕቃ ማንም ሰው በጠፍር አስሮ አይተወውም።

ከፕሮጀክት ውጭ የመጣ ለውጥስ አለ?

አለ፣ ትልቅ ለውጥ ነው። የድሮው ጎጃም አካል በነበረው አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ሂዱ። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ገበሬው ራሱ አስፋፋው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ያደርገዋል። ለእህል እምቢ ያለ አሲዳማ መሬት ገቢ አመጣ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ ሁሉን በአንድ ዛፍ ላይ መጣል ያመጣው ጣጣ ነው። እዚያ አካባቢ የተመደበ የደን ልማት በጀት ሲመዘን የገበሬውን ሥራ የፕሮጀክቱ ውጤት አድርጎ መጻፍ ግን ነውር ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል?

አውሮፓ ኅብረትን ላንሳ። የክልል ልማት ፈንዳቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የተቋቋመው። የነፍስ ወከፍ ምርታቸው ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ በታች የሆኑ ክልሎች የበለጠ ያገኛሉ። በጀቱ በሰባት ዓመት ዙር ነው የሚሄደው፤ በ2021–2027 ዙር የክልል ልማት ፈንዱ ቢያንስ 30 በመቶውን ለአየር ንብረት ግብ ማዋል አለበት። ምዘና ግዴታ ነው፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል።

የሰኔ ሩጫ እዚያም አለ። በተወሰነ ዓመት ውስጥ ያልወጣ ብር ስለሚነጠቅ መጨረሻ ላይ ይሯሯጣሉ። እኔ ከእነሱ የምቀናው በሁለት ነገር ነው፦ የሰባት ዓመት ዕቅድ መኖሩና ምዘናው የውጭ ሰው እስኪመጣ ጠባቂ አለመሆኑ። እኛ ጋ ለጋሹ ካልጠየቀ በራሳችን ብር የሠራነውን የሚመዝን የለም።

በዚህ የጸጥታ ሁኔታ መመዘን ይቻላል?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ቦታ መድረስ አልተቻለም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ይዘጋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ላይ «ፕሮጀክቱ አልተሳካም» ብሎ መጻፍ በደል ነው። ሁሉንም ነገር በጸጥታ ማመካኘትም እንዲሁ። የቻላችሁትን መዝግቡ። ምን ነበረ፣ ምን ቆመ፣ ማን ጠበቀው። አንዳንድ ቦታ የውሃ ኮሚቴው ብቻውን ሲሠራ ቆይቷል፤ ይህ ራሱ ትልቅ የምዘና ውጤት ነው።

ተራ ነዋሪ ነኝ። የመጠየቅ መብት አለኝ?

አለህ፣ አለሽ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት እንዲሳተፉና አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። መረጃ የማግኘት መብትም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በጀቱ መለጠፍ አለበት። ካልተለጠፈ ጠይቁ። ብቻችሁን ከምትሄዱ የዕድር ሰብሳቢያችሁን፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባላችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። እልህ አይጠቅምም፤ ባለሙያውም ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ለመናገር ሰው የሚጠብቅ ነው። «ስንት ብር ወጣ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ለጥገናው ማን ይከፍላል? መሬቱ የማን ነበር፣ ካሳው ተከፍሏል? ሲበላሽ የምንደውለው ለማን ነው?

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤአለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

አንድ ወረዳ፣ ከተቻለ አንድ ቀበሌ ያዝ። ከተሠራ ቢያንስ አምስት ዓመት የሞላው ነገር ምረጥ። ከዋናው መንገድ የራቀውን ቤት አትዝለል፤ መንገድ ዳር ያሉትን ጠይቆ የሚመለስ ብዙ ነው። ወንዶቹ ከተሰበሰቡበት ተነጥለህ ሴቶቹን ውሃው ጋ፣ ወፍጮው ጋ አግኛቸው። እና ሚያዝያ ላይ ሄደህ «መንገዱ ጥሩ ነው» ብለህ እንዳትጽፍ። ነሐሴ ላይ ሂድ። ቦት ጫማ ያዝ።